የላፕቶፔን ግማሽ ራም የደበቅኩበት እሑድ

ማራኪ ሰፈር የምኖርበት ግቢ ባለቤት፣ እኔ እትዬ የምላቸው አሮጊት፣ ፊት ካላዩ ማውራት አይሆንላቸውም። የስልክ ስክሪን ደግሞ ለዓይናቸው ጠባብ ነው። ስለዚህ ከልጅነት ጓደኛቸው ጋር የሚገናኙት በኔ ላፕቶፕ ሆነ። ጓደኛቸው ከቤተሰባቸው ጋር ወደ እስራኤል ከሄዱ ብዙ ዘመን አልፏል። ቅዳሜ ሰንበታቸው ስለሆነ አይደውሉም፤ ቀጠሮው እሑድ ነው።

እትዬ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ነጠላቸውን እንዳጣፉ ክፍሌ ይመጡና ብቸኛው ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። እኔ አልጋው ጫፍ ላይ እሆናለሁ። ወሬው ይጀመራል፣ ይሞቃል፤ ከዚያ ላፕቶፑ ድርቅ ይላል። ጓደኛቸው አፋቸውን እንደከፈቱ ይቀራሉ። አጥፍቼ ሳስነሳው ወሬው ይቀጥላል፣ እንደገና ይደርቃል።

እኔ ኔትወርኩን ስወቅስ እትዬ ግን ሌላ ምክንያት ነበራቸው። ጓደኛቸው ድሮም ወሬ እንደሚያበዙ፣ ዕቃው ጢም ብሎበት እንደሚሆን ነገሩኝ። ሳቅኩ። ኮምፒዩተር አስተማሪ ነኝና ለወጉ ያህል ራሙን፣ ማለትም ሥራ ላይ ያለውን ነገር ለጊዜው የሚይዝበትን ቦታ፣ መረመርኩት። የታችኛው ግማሽ ደህና ነው፤ ከላይኛው ጫፍ የተበላሸ ክፍል አለ። ወሬው ሲረዝም ራሙ ይሞላል፣ ሲሞላ የተበላሸው ጋ ይደርሳል። እትዬ ብዙም አልተሳሳቱም።

ፒያሳ ያለው ጠጋኝ ራሙ ከቦርዱ ጋር የተበየደ ስለሆነ አይነቀልም ብሎ ሌላ ላፕቶፕ እንድገዛ መከረኝ። ለመምከር ቀላል ነው። ግቢ ስመለስ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። የምጠቀመው ሊኑክስ ነው፤ ከርነል የሚባለው የሲስተሙ እምብርት ሲነሳ ምን ያህል ራም እንዳለ አይቶ ሁሉንም ይረከባል። ከመነሳቱ በፊት ግን በማስነሻው መስመር መጨረሻ ላይ «mem=2G» ብሎ የጻፈለት ሰው ካለ፣ ከሁለት ጊጋ፣ ማለትም ከራሜ ግማሽ፣ በላይ ያለውን አይነካም።

በሚቀጥለው እሑድ ይህን ስጽፍ እትዬ ከኋላዬ ቆመው ምን እንደምሠራ ጠየቁኝ። የላይኛው ግማሽ ስለተበላሸ፣ ላፕቶፑን «ያለህ የታችኛው ብቻ ነው» እያልኩት እንደሆነ አስረዳኋቸው። ጥቂት አሰቡ።

«ዋሸኸው ማለት ነው።»

«እንደዚያ ይበሉት፣ እትዬ።»

«በሰንበት?»

ለደህንነቱ ነው አልኳቸው። ነጠላቸውን አስተካክለው ተቀመጡ።

ላፕቶፑ እየተንቀራፈፈ ተነሳ። ጓደኛቸው ብቅ አሉ፤ ወሬው ሞቀ፤ ሁልጊዜ የሚደርቅበትን ሰዓትም አለፈ። ጓደኛቸው ደጋግመው ጀምረው ያልጨረሱትን የእንስራ ነገር አነሱ። የጓደኛቸው እናት ሸክላ ሠሪ ነበሩ፤ አንድ ቀን ለገበያ የተዘጋጀ አዲስ እንስራ ሁለቱ ልጆች ሲጫወቱ ተሰበረ። እትዬ የሰበሩት ጓደኛቸው ናቸው ይላሉ። ጓደኛቸው ዛሬ የሚያቋርጣቸው ስላልነበረ በየት በኩል እንደተሮጠ፣ ማን ማንን እንደገፋ፣ አንድ በአንድ ተረኩ። እትዬ ወንበሩ ላይ መቁነጥነጥ ጀመሩ። በመጨረሻ ወደኔ ዞሩ።

«ይኼ ነገር ዛሬ ምነው አልቆም አለ?»

ደህና እየሠራ ነው ከማለት ሌላ ምን እላለሁ? ጓደኛቸው ቀጠሉ። እናታቸው ጥፋቱ የማን እንደሆነ ሲጠይቁ የእትዬን ጥፋት በራሳቸው ላይ ወስደው «እኔ ነኝ» ብለው የተገረፉት ጓደኛቸው ነበሩ። እትዬ የነጠላቸውን ጫፍ በጣታቸው ይጠቀልሉ ጀመር።

«ምነው እስከዛሬ ሳትነግሪኝ?»

«መች አስጨረሰኝና።»

ሁለቱም እስኪያነቡ ሳቁ።

ያቺን ቃል በየጊዜው እንዳልጽፍ ማስነሻው ፋይል ውስጥ አስገባኋት። አሁን ላፕቶፔ አይደርቅም፤ ግን ቀርፋፋ ነው። እነሱ ሲያወሩ ሌላ ምንም ልከፍት አልችልም፤ የፈተና ወረቀቴን ይዤ በረንዳ ላይ አርማለሁ። ባለፈው እሑድ እትዬ ገብቼ ሰላም እንድላቸው ጠሩኝ። ጓደኛቸው ከላይ እስከ ታች አዩኝና «ሸጋ ልጅ ነው፤ አላገባም እንዴ?» ብለው ጠየቁ። እኔን ሳይሆን እትዬን ነው የጠየቁት። ወደ በረንዳዬ ስመለስ የማክሰኝት ዘመዶቻቸውን እያነሱ ማን ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ልጅ እንዳለው ይማከሩ ነበር።