ቀዳዳ የሌለው ጥርስ

ታናሽ ወንድሜ የቢራ ጠርሙስ በጥርሱ ይከፍት ነበር። እኔ ፊት ሲሆን ደግሞ ሆን ብሎ ቀስ ይላል።

የወለደችን አንዲት እናት ናት። እሷ አጭር፣ እግሯ ቆልማማ፣ ገና ሳታረጅ ጥርሷ ያለቀ ሴት ነበረች። እግሯንም ጥርሷንም ለኔ አወረሰች፤ ለሱ ምንም። እሱ ቀጥ ብሎ ስለሚራመድ ትምህርት ቤት ተላከ። እኔ ፊደል የቆጠርኩት ጢም ካወጣሁ በኋላ፣ በመሠረተ ትምህርት፣ ያበጠ ጉንጬን በእጄ ደግፌ ነው።

ከካራማራው ጦርነት በኋላ ጅጅጋ ተመልሰን ስንገባ ጥርሴ ባሰበት። ጠዋት ማታ በመፋቂያ እፍቃለሁ። ወንድሜ ሻዩን በስኳር አወፍሮ ይጠጣል፣ አፉን ውሃ እንኳ አያስነካውም። የሚያብጠው ግን የኔ ድድ ነው። የጤና ጣቢያው ድሬሰር አፌን ከፍቶ በመስታወት ቀዳዳ ፈለገ።

«ቀዳዳ የለውም እኮ ሰውዬ!»

«መግሉ ታዲያ ከሰማይ ወረደ?»

«ስለማትፍቅ ነዋ!»

ነቀለው። ሌላ ጊዜም ሌላውን። የተነቀለው ሁሉ ነጭ፣ ድፍን፣ ጤነኛ የሚመስል ጥርስ ነበር።

እኛ አገር ጥርስ ላለቀበት ሽማግሌ ጫቱ በሙቀጫ ተወቅጦ ይቀርብለታል። እኔ ገና ጎልማሳ ሆኜ ከሽማግሌዎቹ ተደመርኩ። ወንድሜ ጉንጩን በጫት ወጥሮ፣ «ለአባባም ውቀጡላቸው!» ሲል በርጫው በሳቅ ይፈርሳል። እኔ የማየው ግን ጥርሱን ነበር።

አገባሁ፤ ሴት ልጅ ወለድኩ። መሄድ ስትጀምር እግሯ ጎበጠ። የወንድሜ ሴቶች ልጆች እንደ ሸንበቆ ቀጥ ብለው ያድጋሉ። ቆይቶ እነሱንም ያገኛቸዋል ብዬ እጠብቅ ነበር። የልጄ የወተት ጥርስ ወልቆ አዲሱ የፊት ጥርሷ በወጣ ማግስት ድዷ ላይ እባጭ በቀለ። ድሬሰሩ ጉጠቱን አነሳ።

«ይነቀልላት እንጂ ጋሼ፣ ልጅቷን አታሰቃያት» አለ ወንድሜ።

«ያንተ ልጅ ብትሆን ታስነቅላት ነበር?»

ከወንበሩ አነሳኋት። ይዣት ሐረር ሆስፒታል ሄድኩ።

የሐረሩ ሐኪም ከሷ ጥርስ በፊት የኔን እግር አየ። ስለ እናቴ ጠየቀኝ።

«የዘር ነው» አለ። «ፎስፌት የሚባለው የአጥንት ማጠንከሪያ በሽንታችሁ ይፈሳል። ጥርሱ ከውጭ ደህና ይመስላል፣ ውስጡ ግን ስስ ነው። በዓይን በማይታይ ስንጥቅ ጀርም ይገባና ሥሩ ይመግላል። ባለመፋቅ አይደለም።»

«የወንድሜስ ልጆች?»

«እሱ ካልወረሰ ልጆቹም አይወርሱም። ያንተ ሴቶች ልጆች ግን ሁሉም ይወርሳሉ፤ ወንዶቹ ነፃ ናቸው።»

እሱ ከነልጅ ልጁ ተርፏል! እዚያው ወንበር ላይ ቀናሁበት።

ሐኪሙ አልነቀለም። ጥርሱን ሰርስሮ መግሉን አፈሰሰ፣ ሥሩን አጥቦ ሞላው። ለአጥንቷ የሚሆነው መድኃኒት እዚህ እንደማይገኝ ነገረኝ። «ድዷ ሳያብጥ በየጊዜው አምጣት» አለ።

ጅጅጋ ስንደርስ እብጠቱ ሙሽሽ ብሎ ነበር። ልጄ ወደ አጎቷ ሮጣ ከንፈሯን ገልጣ አሳየችው። አቅፎ አነሳት፤ ሁለቱም ጥርስ በጥርስ ሆኑ። ሚስቴ እልል አለች። እኔ ግን በልጄም ቀናሁ። የኔን ጥርስ ከጉጠት ያስጣለ አባት አልነበረኝም።