ከቃሬዛው የተቆረጠው ቧንቧ

ኮረብታው ስም ነበረው፤ የሚነግረን ሰው ግን አላገኘንም። ገበሬዎቹ ከእኛ በፊት ሸሽተው ነበር። ጫፉ ላይ ዛፍ የለም። ድንጋይ፣ ቁልቋልና ሳይወቃ የቀረ አንድ የማሽላ ክምር ብቻ። ማክሰኞ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ «ሳይመሽ ያዙት» የሚል ትዕዛዝ ደረሰን። ሠላሳ አራት ሆነን ወጣን። ሌላው ሁሉ ወደ ላይ ሲያይ እኔ ዞር ብዬ መውረጃውን አየሁ። ሥራዬ ነበር። የቆሰለ ሰው የሚወርደው በዚያ ነው።

ዛሬ የምኖረው ካምፓላ ነው፤ ኮረብታ የሞላበት ከተማ። ሰው ሙየንጋ ላይ ቆሞ ሐይቁን ያያል፤ እኔ መንገዱ የት ላይ እንደሚታጠፍ አያለሁ። ንሳምብያ ባለው ሆስፒታል በር ሳልፍ ደጅ የቆሙትን ባለ ጎማ ቃሬዛዎች እቆጥራለሁ። የተሳፈርኩበት ቦዳ፣ የኪራይ ሞተር ብስክሌቱ፣ ፈጥኖ ካለፈብኝና ሳልጨርስ ከቀረሁ ቀኑን ሙሉ ቅር ይለኛል።

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። አሁን የምጽፈው ልጄ ሜሮን ካትዌ በሚባል ሰፈር፣ ብረት ሠሪ ቤት ውስጥ አንድ ነገር ጠይቃኝ መልስ ስላልሰጠኋት ነው። ትምህርቴ እስከ ሰባተኛ ክፍል ነው። አሳምሬ መጻፍ አልችልም፤ በሆነበት ቅደም ተከተል እጽፈዋለሁ። ሌላም የሚያነበው ካለ ያንብበው።

የመቶዋ የሕክምና ረዳት ነበርኩ። ያለኝ የሦስት ወር ሥልጠና ነው፤ ወታደሮቹ ግን «ሲስተር» ይሉኝ ነበር። ሜሮንን አስራ ሦስት ዓመቷ ላይ እህቴ ዘንድ ትቼ ነው የሄድኩት። ቦርሳዬን ጠዋትና ማታ እቆጥር ነበር። ፋሻ፣ ፕላስተር፣ የደም ማቆሚያ ማሰሪያ፣ መቀስ። ከቦርሳው ውጭ ሁለት ቃሬዛ። እያንዳንዱ ሁለት ረጅም የአሉሚኒየም ቧንቧና በመሀል የተወጠረ ሸራ ነው። «ሲስተር እንደ ጥሎሽ ዕቃ ትቆጥራለች» እያሉ ይስቁብኝ ነበር።

ቢንያም የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ነው። ከመርዘሙ የተነሳ ምሽግ ውስጥ ጎንበስ ብሎ ሲውል ወገቡን ያመው ነበር። ከጦርነቱ በፊት አዲስ አበባ የሰርግ ቪዲዮ ያነሳ ነበር። ድሮኑን ይዞ ነው የመጣው። ፈቃድ አልነበረውም፤ አለቆቹ ግን አይተው እንዳላዩ አለፉት። አራት የፕላስቲክ ክንድ ነበራት፤ በየክንዷ ጫፍ ትንሽ ሞተር። ሙሽሮችን ከላይ ስታነሳ ስለኖረች «ሙሽራዋ» አልናት።

ከኮረብታው በስተምሥራቅ ዓይናችን የማይደርስበት ሸለቆ ነበረ። ከወዲያ ያሉት ሊመጡብን የሚችሉት በዚያ ነው። ቢንያም በየማለዳው አስራ ሁለት ሰዓት ላይ ሙሽራዋን ያስነሳል። በስልኩ ላይ ሸለቆውን እያየ «ባዶ ነው» ይላል። ሻይ የምንጥደው ያን ከሰማን በኋላ ነበር።

በሁለተኛው ሳምንት ድንጋይ ላይ ስታርፍ አንድ ክንዷ ተሰበረ። ቢንያም አቅፏት ወደ እኔ መጣ።

«ሲስተር፣ ቁስለኛ አለ።»

«የት ነው የተመታው?»

«ግራ ክንዷን።»

ጉሮሮ ስናይ ምላስ የምንጫንበትን ጠፍጣፋ እንጨት ከላይና ከታች አድርጌ በፕላስተር ጠመጠምኩላት፤ ልክ እንደ ሰው ክንድ። አራት ቀን በረረች። በአምስተኛው ቀን እንደገና ተሰበረች፤ አሁን ሁለት ክንዷ።

ሃምሳ አለቃ ሙላት እኩያዬ ነበር። ወታደር ከመሆኑ በፊት የመስኮት ብረት ይሠራ ነበር። ስብርባሪውን በእጁ ገለበጠና «ይሄ የልጅ መጫወቻ ነው፤ የብረት ክንድ ያስፈልጋታል» አለ። ከዚያ ዞሮ ቃሬዛዎቼን አየ።

«አይሆንም» አልኩት።

«ምን አልኩ?»

«ዓይንህ ብሏል።»

አጠገባችን ያሉት ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም።

በማግስቱ ሙሽራዋ አልተነሳችም። ሸለቆውን በእግር እንዲያዩ አበራና ደጀኔ የሚባሉ ሁለት ወታደሮች ተላኩ። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ ተኩስ ሰማን። አጭር ነበር። አልተመለሱም። ከሰዓት በኋላ ወርደን ሬሳቸውን አወጣን፤ ሁለቱን በሁለቱ ቃሬዛ።

ከዚያ በኋላ ማንም ምንም አልጠየቀኝም። የአንዱን ቃሬዛ ሸራ ፈትቼ አጠብኩት፣ አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። አንዱን ቧንቧ ለሙላት ወስጄ ሰጠሁት።

«እርግጠኛ ነሽ?» አለኝ።

«ቀድመን ካየናቸው ሰው አይመታም። ካልተመታ ቃሬዛ ምን ያደርጋል?» አልኩት።

ያን ቀን ትክክል መስሎኝ ነበር።

ሙላት የነበረው የመጋዝ ምላጭ ብቻ ነው፤ እጀታ የለውም። ጫፉን በካልሲ ጠቅልሎ ቆረጠ። አራት ክንድ፣ እያንዳንዱ አንድ ስንዝር። ቀዳዳውን በሳንጃ ጫፍ እየቦረቦረ በሳው። ቢንያም የሞተሮቹን ሽቦ በቧንቧዎቹ ውስጥ አሳልፎ አሰረ። ከቧንቧው ግማሽ ያህሉ ተረፈ። እሱንም አስቀመጥኩት።

ሙሽራዋ ከበደች። ድሮ ሃያ ደቂቃ ትቆይ የነበረችው አሁን አስራ ሁለት ደቂቃ ላይ ባትሪዋ ያልቅ ጀመር። ሰዓት የምይዘው እኔ ነበርኩ። አስራ ሁለት ሲሞላ «አውርዳት» እላለሁ፤ ያወርዳታል። ድንጋይ ላይ ብታርፍም፣ ብትላተምም ክንዷ አልተሰበረም። ዘጠኝ ቀን እንዲህ ሠራች። በስድስተኛው ቀን ሸለቆው ውስጥ ሰዎች አየች። ቀድመን ተኮስን፤ ተመለሱ። ያን ቀን ከእኛ አንድም ሰው አልሞተም። ይህን አልደብቅም። ቧንቧው ሥራውን ሠርቷል።

በአስረኛው ቀን ነፋስ ነበር። አስራ ሁለት ደቂቃ ሞላ።

«አውርዳት» አልኩ።

«ቆይ ሲስተር፣ የሆነ ነገር አየሁ።»

«ቢንያም፣ አውርዳት!»

«አንድ ደቂቃ ብቻ።»

ደቂቃው አልሞላም። ከላይ እንደ ድንጋይ ወርዳ ምሽጋችን አፍ ላይ ተከሰከሰች። ሙላት አነሳት። «ክንዶቹ ደህና ናቸው» አለ፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። እውነቱን ነው። አንዱም አልታጠፈም። በፕላስቲኩ ጊዜ ክንዱ ይሰበርና ምቱ እዚያው ይቀር ነበር። አሁን ክንዱ እምቢ ስላለ ምቱ ወደ ውስጥ አለፈ። ካሜራውና የውስጥ ዕቃው ያለበት መሀሏ ለሁለት ተከፍሏል። ለዚያ የሚሆን ፕላስተር አልነበረኝም።

«ምን ነበር ያየኸው?» ብለን ጠየቅነው።

«ሰው ይሁን ፍየል አልለየሁትም።»

ጥበቃውን እጥፍ አደረግን።

በማግስቱ ከንጋቱ አስራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ሞርታር ጀመረ። ከዚያ በሸለቆው በኩል መጡ። ተኮስን። ቀረቡ። በቦምብ መለስናቸው። እንደገና መጡ። ሦስት ሰዓት ሲሆን ጸጥ አለ። ኮረብታው በእጃችን ነበር። ሰባት ሞተዋል። ከቁስለኞቹ መራመድ የማይችሉት ሁለት ናቸው። ሙላት ሆዱን ተመቷል። ቢንያም ግራ ዳሌውን፤ አጥንቱ ተሰብሯል።

ሁለት ቁስለኛ። አንድ ቃሬዛ።

«ልጁን አስቀድሚ» አለኝ ሙላት።

«ያንተ ሆድ ነው፤ ዝም በል» አልኩት። ቃሬዛው ላይ አስተኛነው።

ቢንያም እያየኝ ነበር። ፊቱ ነጥቷል። «ሲስተር፣ የሙሽራዋን ክንዶች ፍቺያቸው። ቧንቧሽን መልሰናል» አለ። ሊያስቀኝ ፈልጎ ነው።

ፈታኋቸው። ሁለተኛውን ቃሬዛ እንደገና ልንሠራው ሞከርን። በቀኝ በኩል ሙሉው ቧንቧ። በግራ በኩል የተረፈው ግማሽ ቧንቧና የአንድ ሟች ጠመንጃ፣ ጫፍ ለጫፍ። ደራርበን እንዳናስራቸው ቢንያም ረጅም ነው፤ ርዝመቱ አይበቃም። ስለዚህ አራቱን ክንዶች በመጋጠሚያው ዙሪያ አስደግፌ በፕላስተርና በጫማ ማሰሪያ ጠመጠምኳቸው። ያጠብኩትን ሸራ ወጠርኩበት። በጉልበቴ ተጭኜ ሞከርኩት። ያዘ።

ለመውረድ ሦስት ሰዓት ይፈጃል። አራት ሰዓት ላይ ተነሳን፤ ሙላት ከፊት፣ ቢንያም ከኋላ። እኔ በቢንያም ግራ በኩል፣ እጄ መጋጠሚያው ላይ።

«ሰርግ ላይ ሁሌ ከላይ ነው የማነሳው» አለኝ። «ከታች ምን እንደሚመስል አሁን ነው ያየሁት።»

«አትናገር፤ ትንፋሽህን ቆጥብ።»

«ሲስተር ትንፋሽም ትቆጥራለች» አለ ለተሸካሚዎቹ።

ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ ከፊት የያዘውን ወታደር ጠጠር አንሸራተተው። አልወደቀም። ክብደቱ ግን ወደ ግራ ሄደ። መጋጠሚያው ከእጄ ሥር ለቀቀ። ድምፁ ትንሽ ነበር፣ ደረቅ አገዳ ሲሰበር እንደሚሰማው። የቢንያም ወገብ ታጥፎ መሬት ነካ። ያቆምኩት ደም እንደገና ጀመረ። ከውስጥ ስለነበር እጄ አልደረሰበትም። አንድ ስንዝር ቧንቧ ሰው ለሚሸከም መጋጠሚያ አጭር ነው። ከመሄዳችን በፊት ማወቅ ነበረብኝ።

አምስት ሰዓት ከአርባ ላይ ሞተ። የቀረውን መንገድ በትከሻ አወረዱት።

ሙላት ተረፈ። በየዓመቱ እንቁጣጣሽ ሲሆን ይደውልልኛል። «ልጅሽ እንዴት ናት?» ይለኛል። «ሆድህ እንዴት ነው?» እለዋለሁ። ስለ ቧንቧው ሁለታችንም አናነሳም።

ሜሮን አሁን አስራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ሙየንጋ ላይ ቤት ለሚያከራዩ ደላሎች ግቢና ጣሪያ በድሮን ታነሳለች። ስትጀምር ደስ እንዳላለኝ አውቃለች፤ ለምን እንደሆነ አላወቀችም። ባለፈው ወር ድሮኗ የጣሪያ ጠርዝ መታና ክንዷ ተሰበረ። «ካትዌ የብረት ክንድ አሠራላታለሁ» አለችኝ። «ነይ አብረን እንሂድ እማዬ፤ እቤት ሆነሽ ከምትጨነቂ እዚያው ተጨነቂ።»

ሄድኩ። ሽማግሌው ብረት ሠሪ ሙዜ ካቶ ከግድግዳው ላይ ሁለት ሜትር የሚሆን የአሉሚኒየም ቧንቧ አወረደ። የድሮኑን ክንድ ለካ፤ ቧንቧው ላይ አንድ ስንዝር ያህል ለክቶ በጠመኔ ምልክት አደረገ። መጋዙን አነሳ። እጄን ቧንቧው ላይ አደረግሁ።

«ይሄን አትቁረጠው።»

ሜሮን በሉጋንዳ አስተረጎመችልኝ። ሽማግሌው ሳቀ። «ኛቦ» አለኝ፣ እመቤቴ ማለቱ ነው። «ቧንቧ እኮ ነው። ነገ ሌላ ይመጣል።»

«ከቁርጥራጩ ፈልግ በይው።»

በጥጉ የቁርጥራጭ ክምር ነበረ። አራት አገኘ። ለሜሮን የሆነ ነገር አላትና ሳቀች፤ «እናትሽ ቆጣቢ ናት» ነው ያለው። ክንዶቹ ተቆርጠው፣ ተበስተው አለቁ። በብረት ብሎን ሊያጠብቃቸው ሲል እንደገና ከለከልኩት።

«በፕላስቲክ ብሎን ይሁን። ስትወድቅ ብሎኑ ይበጠስ፣ ክንዱ ይለቅ። መሀሉ ይትረፍ።»

ሽማግሌው አሁን አልሳቀም። አሰበና ራሱን ነቀነቀ። ሜሮን ዞራ አየችኝ።

«እማዬ፣ ይሄን ከየት አወቅሽ?»

«ኋላ እነግርሻለሁ» አልኳት። ሳልነግራት ሁለት ሳምንት አለፈ።

መልሱ ይህ ነው፣ ሜሮን። ሠላሳ አራት ወጣን። ሃያ አራት ወረድን። አበራና ደጀኔ ሸለቆው ውስጥ ሞቱ። ሰባቱ ኮረብታው ላይ፤ የእነሱን ስም ስሕተት እንዳይገባበት በሌላ ወረቀት ለብቻው ጽፌዋለሁ። ዘጠኙን የገደሏቸው ከወዲያ ያሉት ናቸው። አስረኛው ቢንያም ነው። እሱን በማን እንደምቆጥረው እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ቧንቧውን ባልሰጥ ኖሮ በእነዚያ ዘጠኝ ቀናት ስንት ሰው እንደሚሞት አላውቅም። ብዙ ሊሆን ይችል ነበር። አንድም ላይሆን ይችል ነበር። ሁሉን ስቆጥር ኖሬ ይህችን አንዷን መቁጠር አልቻልኩም።

ሜሮን ድሮኗን ስታስነሳ አሁንም አብሬያት እወጣለሁ። ሰዓቴን እይዛለሁ። አስራ ሁለት ደቂቃ ሲሞላ «አውርጃት» እላታለሁ።

«ገና ናት እማዬ፤ ሃያ ትችላለች።»

«አውርጃት።»

ታወርዳታለች።

ሽማግሌው ምልክት ያደረገበትን ቧንቧ ያን ቀን ገዝቼው መጣሁ። ቦዳው ላይ እኔና ሜሮን በመሀላችን አቁመን ይዘነው ነው የመጣነው። አሁን ከበሩ ጀርባ ቆሟል። የጠመኔው ምልክት አልጠፋም። ሜሮን «መጋረጃ መስቀያ እናድርገው» ትላለች። ለመስኮቱ ይረዝማል፤ መቆረጥ አለበት። እስካሁን እሺ አላልኳትም።