ለሠርግ የተቀመጠው ጎማ

ወንዳፈረው ጎማ ሲገዛ ለልጁ ሚስት የሚመርጥ ሰው ይመስላል። ይዳስሳል፣ ያሸታል፣ ዞሮ ያያል፤ ዘሩን ለመጠየቅ ምንም አይቀረው። ከጋምቤላ አቦቦ ሚኒባስ ሲያመላልስ ጸጉሩ ሸብቷል፤ በጎማ ጉዳይ ደግሞ ከማንም ጋር አይከራከርም፣ ያዛል እንጂ።

አንድ ልጁ መሰረት በነርስነት የተመረቀች ጊዜ አራት አዲስ ጎማ ገዛ። ጎናቸው ላይ ያሉትን የደረጃ ፊደሎች ባለሱቁን አስነብቦ ነው የመረጣቸው፤ አንዱ እርጥብ መንገድ ቆንጥጦ ለመያዝ፣ ሌላው ሙቀት ለመቻል፣ ሁለቱም «ኤ»። ግን አልገጠማቸውም። እሷን የሚድርበት ቀን ሊገጥማቸው ከመጋዘኑ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ሰቀላቸው። መሰረት ለማግባት አልተቸኮለችም። እሱም፣ እውነቱን ለመናገር፣ አላስቸኮላትም።

በመጨረሻ አንድ የአቦቦ መምህር ሽማግሌ ላከ። በወጉ የሙሽራ አባት ቤቱ ይቀራል። ወንዳፈረው ግን ልጄን ራሴ ነድቼ አደርሳታለሁ ብሎ ድርቅ አለ፤ ሽማግሌዎቹም ሲያቅታቸው እሺ አሉት።

በሠርጉ ዋዜማ ጎማዎቹን አወረደ። አዲስ ጎማ ላይ የሚታየው የላስቲክ ጸጉራቸው እንኳ አልረገፈም። ሊያግዘው የመጣው ጓደኛው ጋትቤል፣ በትየርኪዲ የስደተኞች መጠለያ ላለ ድርጅት ሹፌር ነው። አንዱን ጎማ አገላብጦ ጎኑ ላይ ካሉት አራት ቁጥሮች አቧራውን ጠረገ፤ ሁለቱ የተመረተበት ሳምንት፣ ሁለቱ ዓመቱ ናቸው። ጫን ሲለው በጥርሶቹ መሃል ቀጫጭን ስንጥቆች ብቅ አሉ።

«ወንዳ፣ ይሄ አሥር ዓመት ሆነው። ፊደሉ ጥሩ ነው፤ ጎማው አርጅቷል።»

«አንድ ቀን እንኳ መንገድ አልነካም እኮ።»

«ቆርቆሮው ሥር በስሏል። ሙሽራ አትጫንበት።»

ወንዳፈረው መጀመሪያ ተናደደ፣ ቀጥሎ ሆዱ ባባ። መሰረት ሳታገባ ይህን ያህል ዓመት አብራው መቆየቷን ያኔ ነው ልብ ያለው። ሚኒባሱ ላይ የነበሩት፣ አምና የተመረቱት ባለ «ቢ» ጎማዎች ጭቃቸው ታጥቦ ነፋሳቸው ተለካ።

በማግስቱ ሙሽሮቹን ከኋላው አስቀምጦ ነዳ። ቀስ አለ፤ አጃቢዎቹ እየዘፈኑ ቀደሙት። የአቦቦ ቤቶች መታየት ሲጀምሩ በመስታወቱ አያት፤ ከባሏ ጋር እየተሳሳቀች ነበር። ዕድሜውን ሁሉ ጎማ እንዳይተነፍስበት ሲለምን የኖረው ሰው፣ ያን ቀን አንዱ እንኳ እንዲተነፍስለት ለመነ።

አንዱም አልተነፈሰም።