የክርስትና ስም አስጠኚዋ

ከጫጫ ደብረ ብርሃን በሚሄደው ሚኒባስ ከፊቴ የተቀመጡት ሴት እኩያዬ ይሆናሉ። ማተባቸው ላይ የቁም ሳጥን ቁልፍ አስረዋል። ጣታቸውን እያጠፉ የልጅ ልጃቸውን የሟች ዘመዶቻቸውን የክርስትና ስም ያስጠኗታል፤ ቄሱ በጸሎት የሚያነሱት በዚያ ስም ነውና።

«የእናቴ?»

«ወለተ ሚካኤል።»

«የእሷስ እናት?»

«አመተ ማርያም።» ልጅቷ ዓይኗን ከስልኳ አላነሳችም፤ ግን አልተሳሳተችም።

«የእኔስ?»

«አንቺ መች ሞትሽና።»

ጉልበቷን መታ አደረጓት። «ብሞትስ?»

«ወለተ ኪዳን።»

ሴትየዋ ደስ ብሏቸው ነጠላቸውን አስተካከሉ። እኔን ቅናት አንገበገበኝ። አራት ልጆች ወልጃለሁ፤ አንዳቸውም የክርስትና ስሜን አያውቁም። አልጠየቁኝም፣ እኔም መንገሩን አፈርኩ። መናኸሪያ ስንወርድ የዚያችን የሰው ልጅ ትከሻ ነካ አድርጌ «ልጄ፣ የእኔንም ያዥልኝ» ልላት ትንሽ ነው የቀረኝ።