ደጃፌ ላይ ያለው የወንድ ጫማ

ስደተኛ ሁሉ በሌሊት ጠፋሁ ብሎ ያወራል። እኔ የጠፋሁት በጠራራ ፀሐይ፣ በገበያ ቀን፣ አንድ ቅል ቅቤ ይዤ ነው። ከአንኮበር ወደ አሊዩ አምባ ቁልቁል ስወርድ ያገኘኝ ሁሉ "ገበያ ነሽ?" ይለኛል፤ "አዎ፣ ገበያ" እላለሁ። ከዋዜማው ጀምሮ ግን እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም ነበር። ቄሱ አባቴ እራት ላይ "ለዘውዴ ቃሌን ሰጥቻለሁ" ብለው እጃቸውን ታጠቡ፤ ነገሩ በዚያው አለቀ። ዘውዴ ሁለት ሚስት ቀብሯል። የፊተኛዋ በወሊድ ሞተች ይባላል። ሁለተኛዋ በምን እንደሞተች ብጠይቅ ሰው ሁሉ ወሬ ይለውጣል። እኔ ደግሞ በልጅነቴ ተድሬ፣ ስድስት ዓመት የባል እግር አጥቤ፣ ተፋትቼ የተመለስኩ ነኝ። ፈት ሴትን ፈቃዷን የሚጠይቅ የለም።

ሐጂ ኑሩ የሚባሉ የአሊዩ አምባ ነጋዴ ከግመሎቻቸው ጋር እስከ አዋሽ ባቡር ጣቢያ አደረሱኝ። "ልጄ፣ ከምንድን ነው የምትሸሺው?" ቢሉኝ "እግር ከማጠብ" አልኳቸው፤ ሳቁ። ከዚያ ባቡሩ ጅቡቲ ጣለኝ።

ወገኖቼ፣ ሙቀቱን ምን ብዬ ልንገራችሁ! ጉም ለብሰን፣ በሰኔ ጋቢ ደርበን የምንኖር ሰዎች እዚያ ስንደርስ እንደ ቅቤ ነው የምንቀልጠው። ጠዋት ሩዝ፣ ማታ ሩዝ፣ በመሃል ዓሣ። አንድ እፍኝ የገብስ ቆሎ አምሮኝ ያለቀስኩበት ቀን አለ። ከሁሉ የባሰው ግን ቤት ፍለጋው ነበር። አከራዩ ድሬዳዋ ኖሮ አማርኛ የለመደ የመናዊ ነው።

"ባልሽ የታለ?"

"የለኝም።"

"ሞተ?"

"አልሞተም፤ ገና አልተፈጠረም።"

"እንግዲያው ቤቱም ገና አልተሠራም። ለብቸኛ ሴት ካከራየሁ ፖሊስ 'ፓፒዬ! ፓፒዬ!' እያለ ወረቀት ሊጠይቅ ይመጣብኛል።"

"ባል ያላት ቤት አይመጣም?"

"ይመጣል፤ ባልየው ያነጋግረዋል።"

በማግስቱ ተመልሼ ባሌ መርከበኛ ነው አልኩት።

"ትናንት የለኝም አላልሽም?"

"ትናንት ተኳርፈን ነበር።"

ራሱን እየነቀነቀ ቁልፉን ሰጠኝ። ያኔውኑ አንድ ጥንድ ጥቁር የወንድ ጫማ ገዝቼ ደጃፌ ላይ አስቀመጥኩ። እዚያ ሰፈር ጫማ ውጭ ነው የሚወልቀው፤ ጫማ ካለ ወንድ አለ ማለት ነው።

ያቺን ክፍል እንዴት እንደወደድኳት! ቀን ልብስ ስፌት ቤት እሠራለሁ፣ ማታ በራሴ ቁልፍ ከፍቼ እገባለሁ፣ አልጋዬ ላይ በአግድም እተኛለሁ። የማጥበው የራሴን እግር ብቻ ነው። ሌላው ብቸኝነት ይለዋል፤ እኔ እፎይታ እለዋለሁ። ግን ፈራ ተባ እያልኩ ነበር የምደሰተው፤ ደስታዬ ሁሉ የቆመው ባዶ ጫማ ላይ ነበርና።

ከዓመት በኋላ ሐጂ ኑሩ ለንግድ መጥተው ጫማውን አዩና "ማሻአላህ፣ አገባሽ!" አሉኝ። የተሳሳትኩት እዚህ ላይ ነው። አባቴ የዘውዴን ነገር ይተዉልኛል ብዬ "ባለቤቴም ለአባቴ ሰላም በሉልኝ ብሏል" አልኩ። በእኛ አገር ሽማግሌ ሳይልክ ሰላምታ የሚልክ ባል አይታመንም። ይህን ረሳሁት።

ሁለት ወር ሳይሞላ ታናሽ ወንድሜን፣ ዲያቆን ደምሴን፣ ደጃፌ ላይ ቆሞ አገኘሁት። አንዱን ጫማ አንስቶ ሶሉን ገልብጦ ያያል።

"እትዬ፣ ይህ ጫማ መሬት ረግጦ አያውቅም።"

ሁሉንም ነገርኩት። ለካ እሱም "ባል ካላት አይተህ ተመለስ፤ ከሌላት ይዘሃት ና" ተብሎ በአባቴና በዘውዴ ነው የተላከው።

"ብቻሽን ደስ ይልሻል?"

"እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።"

"ስመለስ ዘውዴ መስቀል አስጨብጦ ያስምለኛል። እንደ አባባ በቃል ብቻ አያልፈኝም።"

ይህን ብሎ ተነሳ። ከዚያ ጫማውን አጥልቆ ወጣ። ወደብ ድረስ ሄዶ ተመለሰ፤ በማግስቱም፣ በሦስተኛውም ቀን። ሶሉ ተፋቀ፣ ተረከዙ ተበላ፣ ጫማ ያልለመደ እግሩም ቆስሎ ደማ።

"አሁን 'ጫማው በወንድ እግር ሲሄድ በዓይኔ አይቻለሁ' ብዬ እምላለሁ። ውሸት የለበትም" አለኝ።

ማታ እግሩን አጠብኩት። በገዛ ፈቃዴ የሰው እግር ያጠብኩት ያን ቀን ብቻ ነው። ሲሄድ የስፌት ቤቱን ስልክ ቁጥር ሰጠሁት፤ እሱም "በርሽን አጥብቀሽ ዝጊ" አለኝ።

ክረምቱ እንደወጣ ከደብረ ብርሃን ስልክ መጣልኝ።

"እትዬ፣ ባለቤትሽ ደህና ነው?"

አጠገቡ ሰው እንዳለ ገባኝ። "ደህና ነው" አልኩ።

"ስሙን ንገሪኝ።"

ለካ ለባሌ ስም ሳናወጣለት ተለያይተናል! "ኃይሉ" አልኩ፤ አፌ ላይ የመጣልኝ እሱ ነው። ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ ተሰማኝ። ከዚያ ሌላ ድምፅ መጣ፤ ዘውዴ ነው።

"ደምሴ መስቀል ጨብጦ የነገረን ሌላ ስም ነው" አለኝ፣ ሳይቆጣ። "ግድ የለም። መጥቼ እተዋወቀዋለሁ።"

"ደምሴን ስጠኝ!" ብል ስልኩ ተዘግቷል።

በዚያው ቀን ቁልፉን ለአከራዩ መለስኩ። ጫማውን ራሴ አጠለቅሁት፤ ሰፊ ነው፣ ጨርቅ ሲወተፍበት ግን ያስኬዳል። አሁን የት እንዳለሁ አልጽፍላችሁም። ዛሬም ብቻዬን ነኝ፤ ዛሬም በአግድም እተኛለሁ፤ ደስ ይለኛል። አንኮበር የምትደርሱ ካላችሁ ግን የደምሴ እግር ድኖ እንደሆነ ጠይቁልኝ። እኔን አየናት አትበሉ።