የሽማግሌው የመጨረሻ የአበባ ማስቀመጫ

ሲያትል አጠገብ፣ ስካይዌይ በሚባል ሰፈር፣ ቤታቸው እየሄድኩ የማስታምማቸው ጃፓናዊ ሽማግሌ ሸክላ ሠሪ ናቸው። ይህን ቃል እንደ ዋዛ መጻፍ ለእኔ ቀላል አይደለም። እዚህ አገር የእሳቸው ሥራ መስታወት ውስጥ ተቀምጦ መብራት ይበራለታል። እኔ ባደግሁበት ቀዬ ሸክላ ሠሪ ቡዳ ይባላል፤ ዕቃውን ገዝተው ይበሉበታል፣ እጁን ግን አይጨብጡም። እናቴ ሸክላ ሠሪ ነበረች። ተማሪ ቤት የሄድኩት ሦስት ቀን ነው። ማንም አላባረረኝም፤ አጠገቤ የሚቀመጥ ጠፋ እንጂ። ፊደል የቆጠርኩት ሲያትል መጥቼ፣ በአርባ ዓመቴ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ በልጆች የአማርኛ ትምህርት ቤት ከገዛ ልጄ ጎን ትንሽ ወንበር ላይ ተኮራምቼ ነው።

ለጠየቀኝ ሁሉ እናቴ ነጋዴ ነበረች እላለሁ። ለሚስቴም ያልኳት ይህንኑ ነው። ሚስቴ ለበዓል የምታወጣው የሸክላ ድስት አላት፤ ከሥሩ ያንጠባጥባል፤ ሰሃን ታስቀምጥለታለች። መድኃኒቱን አውቃለሁ። ሃያ ዓመት ዝም አልኩ።

ሽማግሌውን አባባ እላቸዋለሁ። ስትሮክ ግራ እጃቸውን ከወሰደው ወዲህ ጋራዡ ውስጥ ያለው እቶን ቀዝቅዟል። የሚስታቸው ሙት ዓመት ሲቃረብ ግን አንድ ነገር ያዙ።

«ለእሷ አንድ የአበባ ማስቀመጫ እሠራለሁ፤ ከዚያ በቃኝ» አሉ።

ጭቃውን አቦካሁላቸው። ልደግፋቸው እጄን ስዘረጋ ግን «ወደዚያ! አንተ ሾርባህን አሙቅ!» ብለው አባረሩኝ። የመጀመሪያዎቹ ሰባት ተበላሹ። ስምንተኛው ቆመ፤ ቁመቱ ክንድ የማይሞላ፣ አንገቱ ጠባብ፣ አንድ አበባ ብቻ የሚይዝ፣ ወደ አንድ ጎን ትንሽ ያዘነበለ። የሚያብለጨልጭ ነገር አልተቀባም፤ ጭቃው ራሱ ነው መልኩ። ቆንጆ ነበር። እኔ ደግሞ ቆንጆ የምለው ነገር ብዙ የለኝም።

ከእቶን ወጥቶ ሲቀዘቅዝ ውሃ ሞልተው በሚስታቸው ፎቶ ፊት አቆሙት። በነጋታው ስመጣ ከሥሩ የተነጠፈው ነጭ ጨርቅ ርሷል።

«ጣለው» አሉ፣ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው።

«አባባ፣ ደረቅ አበባ እናድርግበት።»

«ሚስቴ የሞተ አበባ አትወድም። ጣለው ብዬሃለሁ!»

ሙት ዓመቱ በነጋታው ነበር። ሌላ ለመሥራት ጊዜውም ጉልበቱም የላቸውም። እኔም አልጣልኩትም።

ከሰዓት ሲያሸልቡ ለጨጓራዬ የያዝኩትን የተልባ ዱቄት ከቦርሳዬ አውጥቼ እስኪሟልግ ቀቀልኩት። ማስቀመጫውን ምድጃ ውስጥ ቀስ አድርጌ አሞቅሁና ትኩሱን ተልባ ገለበጥኩበት። በሁለት መዳፌ እያንከባለልኩ አሟሸሁት። ሽታው ቤቱን ሞላው። የከዘራ ኮቴ ሰማሁ።

«ቤቴን ልታቃጥለው ነው?»

ቀጥሎ እጄ ላይ ያለውን አዩት። ቀርበው አሸተቱት። «ማን አስተማረህ?»

ዩቲዩብ ልላቸው ነበር። ግን እጄን እያዩ ነው፤ እጄ ደግሞ የሚሠራውን ያውቃል።

«እናቴ» አልኩ። «ሸክላ ሠሪ ነበረች።»

«ነጋዴ ነበረች አላልከኝም?»

«ዋሸሁ።»

«ለምን?»

ነገርኳቸው። ተማሪ ቤቱን፣ ባዶውን ወንበር፣ ገበያ ላይ ብሩን መሬት ጥለውላት የሚሄዱትን ሴቶች።

«ድስቱን ገዝተው ሠሪዋን ይጸየፋሉ?»

«አዎ።»

«ደደቦች!» አሉ።

ዕድሜዬን ሙሉ አንድ ሰው እንዲልልኝ የምፈልገው ይህን ነበር። ሲመጣ እንዲህ አጭር ይሆናል ብዬ አላሰብኩም።

ወዲያው ግን ቁጣቸውን ወደ እኔ መለሱ። «እኛ ይህን በሩዝ ውሃ ነው የምናደርገው። ይሄ ይሸታል!»

«መድኃኒቱን እያወቁ ነው እንዴ ጣለው ያሉኝ?»

ከዘራቸውን አዩ። «ለማንከባለል ሁለት እጅ ይፈልጋል። መለመን አልወድም።»

በማግስቱ ጨርቁ ደረቅ ነበር። ሁለት ጊዜ ዳሰስኩት። ከግቢያቸው አንድ ቀይ ካሜሊያ ቆርጬ ሰጠኋቸው፤ ራሳቸው አስገቡት። ከዚያ የሚስታቸውን ፎቶ ትንሽ ገፋ አደረጉና «የእናትህን አምጣ» አሉኝ።

«ፎቶ የላትም። ማን ያነሳታል?»

«እንግዲያው ቦታው ይኑራት። አበባውን ይጋሩታል።»

ያን ዕለት ወደ ቤት ስነዳ ለእሳቸው ተናግሬ ለሚስቴ መደበቅ አሳፈረኝ፤ መንገርም አስፈራኝ። የእሷ ዘመዶች እናቴን ቢያውቁ ኖሮ ሠርጌ ላይ አይመጡም ነበር። ማእድ ቤት ቆሜ፣ ጃኬቴን እንኳ ሳላወልቅ፣ ሁሉንም ነገርኳት። ጨርሼ ጠበቅሁ።

«ሃያ ዓመት?» አለች።

«ሃያ ዓመት።»

«እኔ ሰሃን ስደረድርለት ቁጭ ብለህ እያየህ?»

ድስቷን ከቁም ሳጥን አውርዳ ደረቴ ላይ ለጠፈችው።

«ተልባው ከላይ መደርደሪያው ላይ ነው። ያ ሽማግሌ ከእኔ ይበልጣል እንዴ?»