ሸራው ላይ የተቀመጥሁ ዕለት

ባለፈው ሳምንት ጎረቤቴ አሮጌ ጣሪያውን ሲያስነሳ፣ ከመጋዙ ሥር የሚበነው ነጭ አቧራ በመስኮቴ ገባ። ክዳኑ የድሮው፣ አስቤስቶስ ያለበት ነው። መስኮቱን ዘጋሁት። እጄ ግን መቀርቀሪያው ላይ ቀረ፤ ሱዳን ጠረፍ ያለችው አብደራፊ ትዝ አለችኝ።

በደርግ ዘመን ነው። ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣሁ እዚያ የመንግሥት እርሻ ዕቃ ክፍል ተመደብሁ። የክረምቱ ነፋስ የመጋዘኑን የአስቤስቶስ ጣሪያ ሰባብሮት ስለነበር ሰሊጡ ሳይገባ መቀየር ነበረበት። መስከረም እያለቀ ነበር፤ ጥቁሩ መሬት መሰንጠቅ፣ የሰሊጡም ቅጠል መርገፍ ጀምሯል።

ከአዲሱ ክዳን ጋር በእንግሊዝኛ የተጻፈ ወረቀት መጣ። አሮጌውን በደረቁ አትጋዙ፣ አትስበሩ፣ በውኃ አርሱት፤ ብናኙ ሳንባ ውስጥ ገብቶ ለዓመታት ይቀመጣል ይላል። ሰው ፊት መናገር አይሆንልኝም ነበርና በአማርኛ አሳምሬ ጽፌ በሩ ላይ ለጠፍሁት። ግዴታዬን የተወጣሁ መሰለኝ።

የሠራተኞቹ አለቃ ጋሽ ሙላት ወረቀቱን ቀና ብለው አዩት። «ደግሞ ስብሰባ ጠሩን?» ብለው አለፉ። ከጎጃም ለአጨዳ የመጣው ደባሱ ጣሪያው ላይ ወጥቶ ክዳኑን በመዶሻ እየሰበረ ይጥል ጀመር። ስብርባሪው እንዳይበተን ከታች ያነጠፉት የሰሊጥ ማራገፊያውን ሸራ ነው። በአዝመራ ጊዜ ቀን ሰሊጥ ይራገፍበታል፤ ሲመሽ ሠራተኛው ለብሶት ይተኛል።

የዕለቱ ሥራ ሲያበቃ ሸራውን ለሁለት ጫፍና ጫፉን ይዘው አራገፉት። ደባሱ እስከ ሽፋሽፍቱ ነጭ ሆኖ «ወፍጮ ቤት ያደርሁ መሰልሁ» አለና ሁሉንም አሳቀ። እኔም ፈገግ አልሁ። ያ ፈገግታዬ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

በማግስቱ ቀድሜያቸው መጣሁ። ሸራውን በመጠጥ ውኃዬ አርሼ ጠቀለልሁትና ላዩ ላይ ተቀመጥሁ።

«እቴ፣ ተነሽልን እንጂ» አለ ደባሱ።

«ጣሪያው ካልራሰ አልነሳም።» ድምፄ ለራሴም በደንብ አልተሰማኝም።

ጋሽ ሙላት ጠጋ አሉ። «ምን አልሽ ልጄ?»

ደገምሁት። ወረቀቱ የሚለውንም አንድ በአንድ ነገርኋቸው።

«ሰው ውኃ በጣሳ እየተሰፈረለት ጣሪያ በበርሜል ይጠጣ?» አሉ።

«የወንዝ ውኃ ይበቃዋል። ትራክተሩ ሥራ ፈትቶ ቆሟል፤ ያምጣልን።»

«ጠላም ቅጂለት እንጂ» አለ ደባሱ። ሳቁ። ጋሽ ሙላት ግን አልሳቁም።

«ትናንት ለምን ዝም አልሽ?»

«በሩ ላይ ለጥፌው ነበር።»

በሩን አዩ፣ መልሰው እኔን አዩ። «እኛ ፊደል የቆጠርነው በመሠረተ ትምህርት ነው፣ ያውም እየተንገዳገድን። አንቺ አፍ አለሽ እኮ።»

ትራክተሩ ውኃ ሊያመጣ ወደ አንገረብ ወንዝ ወረደ። የቀረውን ክዳን አፋቸውን በሻሽ አስረው፣ እያራሱ፣ ሚስማሩን እየነቀሉ ሳይሰብሩ አወረዱት። ስብርባሪውን ቀበርነው። ሸራውም ይቀበር ስል ግን ደባሱ አልሰማኝም። «እንዲህ ያለ ሸራ ማን ይቀብራል? አጥበዋለሁ» ብሎ ተሸክሞት ሄደ። አዝመራውን ሙሉ ለብሶት ተኛ። ከዚያ አገሩ ገባ፤ ወሬውን ሰምቼ አላውቅም። ምንም አልሆነም እላለሁ። እንዲህ የምለው ግን ለራሴ ነው።

መስኮቱን ትቼ በባልዲ ውኃ ይዤ ጎረቤቴ ግቢ ገባሁ። መጋዝ ለያዘው ሰው ነገርሁት። ድምፄ ዛሬም ቀጭን ነው።

«አልሰማሁም እናቴ» አለኝ።

ጠጋ ብዬ ደገምሁለት።